አብዶሽ ችንካርና ዘጠነኛዋ በርሜል

አብዶሽ ማረፉን የነገረችኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ዘነበች ናት። ጠዋት ነበር፤ ሻዬን እንኳ አልጨረስኩም። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ ነፍስ ይማር ይላል፣ ወይም ደረቱን ይመታል። ከእኔ አፍ የወጣው ግን «በርሜሏን ሳያገኛት?» የሚል ነው። ዘነበች «ሳያገኛት» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን እንደያዝን አለቀስን።

ይህን የሰማ ሰው ሁለት አሮጊቶች አብደዋል ቢል አይፈረድበትም። እናም ከሥሩ ልጀምር።

አብዶሽ እኛ በምንሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኬሚካል መጋዘን ኃላፊ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺሙን በሂና የሚያቀላ፣ ቱታው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የሚያጥርበት ሰው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ እኔ ግን አንተ ነበር የምለው። የድሬን ልጅ የሚያውቅ ይህ አይገርመውም። እኛ ዘንድ «እርስዎ» የሚባለው ወይ እንግዳ ነው ወይ የተቀየምነው ሰው ነው። አብዶሽ ራሱ ከአዲስ አበባ የሚመጡትን ዋና ሥራ አስኪያጆች ሁሉ በመጀመሪያው ቀን «እንዴት ነህ አቦ፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል?» ይላቸው ነበር። አንዳንዱ ይቆጣል። ሁለት ሳምንት ድሬ ከቆየ በኋላ ግን ይተወዋል።

በዚያን ጊዜ ስሙ ችንካር አልነበረም፣ «አብዶሽ ሙሽራ» ነበር። ምክንያቱም በፋብሪካችን ሠራተኛ ሲያገባ በርሜል የሚሰጠው እሱ ነው። ድሬ ውሃ በወረፋ ነው የሚመጣው። አልጋ የሌለው ሙሽራ መሬት ይተኛል፣ በርሜል የሌለው ሙሽራ ግን ፊቱን የሚታጠብበት የለውም። ስለዚህ ኬሚካል ያለቀበትን በርሜል አብዶሽ በአሸዋና በሳሙና ሦስት ጊዜ ያጥባል፣ ጸሐይ ላይ ያደርቃል፣ አረንጓዴ ቀለም ይቀባል። በሠርጉ ማግስት ጋሪ ላይ ጭኖ፣ እሱ ከጎን እየዘፈነ፣ ሙሽሮቹ ደጅ ያደርሰዋል። ኦሮሞ ሲያገባ በኦሮምኛ፣ ሶማሌ ሲያገባ በሶማልኛ፣ እኔ ሳገባ ደግሞ በአማርኛ ዘፈነልኝ። ድምፁ አስቀያሚ ነበር። ነፍሱን ይማረውና እውነቱን ልናገር፣ እንደ አህያ ነበር የሚያናፋው።

ከሁሉም የሚፈለጉት የ«ሰናፍጭ» በርሜሎች ነበሩ። አፋቸው ሰፊ፣ ክዳናቸው በቀለበት የሚቆለፍ፣ ብረታቸው ወፍራም። ሰናፍጭ ያልነው ሠራተኞቹ ናቸው፤ ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ዓይን ያስለቅሳልና። ክር ከመሸመኑ በፊት እንዳይበጣጠስ ስታርች ይጠጣል። ያ ስታርች እንዳይሻግት ከዚህ ነገር ትንሽ ይጨመርበታል። ትክክለኛ ስሙን እኔ አውቀው ነበር። በላቦራቶሪ ሠራተኛነቴ፣ በዲፕሎማዬ፣ ግድግዳዬ ላይ በሰቀልኩት! ፔንታክሎሮፌኖል። አምስት ክሎሪን የተሸከመ ፌኖል። በሌላ አገር እንጨትን ከምስጥ፣ ቆዳን ከሻጋታ የሚጠብቁበት ነው። እኛ ዘንድ የመጣው የሚሟሟው ጨው ሲሆን፣ እኔ በየሳምንቱ እመዝነው፣ መጠኑን እፈትሸው፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ መዝገብ ላይ አሰፍረው ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅኩ በርሜሉን በእልልታ ተቀበልኩ።

አብዶሽ አንድ ልማድ ነበረው፤ ሁላችንም የምንስቅበት። ጠዋት ጸሐይዋ ሳትጠነክር ስታርች ክፍል በር ላይ ይቆምና የሚገባውን ሁሉ በእጁ ጀርባ አንገቱን ይነካዋል። ከነካ በኋላ ወይ «ግባ» ይላል ወይ «አንተ ዛሬ ውጭ ጥላ ሥር ተቀመጥ» ይላል። ቀልደኞቹ «አብዶሽ በግ እየመረጠ ነው» ይሉት ነበር። እኔም አንድ ቀን ምን እንደሚፈልግ ብጠይቀው ላብ እየፈለገ መሆኑን ነገረኝ። በድሬ ላብ ፍለጋ! ቀፊራ ገበያ ቁሞ ሰው እንደመፈለግ ነው። እሱ ግን የጸሐይ ላብ ከጸሐይ ጋር እንደሚመጣ፣ እነዚህ ልጆች ግን ገና በማለዳው፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ እያለ ሸሚዛቸው እንደሚርስ ነገረኝ። እኔ የተማርኩት ሴትዮ ሳቅኩበትና ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ።

ካገባሁ በዓመቴ ሜሮንን ወለድኩ። በአራተኛው ሳምንቷ ታመመችብኝ። ላብ እንደ ውሃ ይወርዳታል፣ ትኩሳቷ ያቃጥላል፣ ደረቷ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይወድቃል። ሆስፒታል ወሰድናት። ወባ ነው ተብሎ ደሟ ተመረመረ፣ ወባ የለም። አስተኟት፣ በሦስተኛው ቀን ዳነች፣ ይዘናት መጣን። ቤት በገባች በሳምንቷ እንደገና ያው። ደግመን ወሰድናት፣ ደግማ ዳነች፣ ደግመን አመጣናት፣ ደግማ ታመመች። አማቴ ዓይን ነው አለች፣ ከዚያ ቤቱ ነው አለች፣ መጨረሻ ላይ እኔን እኔን ማየት ጀመረች። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ሐኪሙ ጠጋ ብሎ የልጅቷ ልብ እየደከመ መሆኑን፣ አንድ ተጨማሪ እንዲህ ያለ ትኩሳት እንደሚያስፈራው ነገረኝ። ልጄ በዓይኔ ሥር እየቀለጠች ነበር፣ ከምን እንደሆነ ግን አንድም ሰው አያውቅም።

ከሆስፒታል በተመለስን በማግስቱ አብዶሽ ጥየቃ መጣ። ሙዝና አንድ ፌስታል ኦቾሎኒ ይዟል። ኦቾሎኒ ለአራስ! ገና ሳይቀመጥ የልጅቷን አንገት በእጁ ጀርባ ነካ። ፊቱ ተለወጠ።

«ሆስፒታል ስትገባ ይሻላታል ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«ቤት ስትመጣ ይነሳባታል?»

«አዎ አብዶሽ፣ ስንቴ ልንገርህ?»

«የኔም ልጆች እንዲሁ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። የኔ ልጆች የሚለው ስታርች ክፍል የሚሠሩትን ነው። «ፈቃድ ሲወጡ ላቡ ይተዋቸዋል። ሲመለሱ ይመለስባቸዋል። ሆስፒታል የሌለ፣ አንቺ ቤት ያለ ነገር ምንድን ነው?»

መልሴን አልጠበቀም። ግቢ ወጣ። የልጅቷ የሽንት ጨርቆች ገመድ ላይ ተሰጥተው ነበር። አንዱን አውርዶ አሸተተ። ከዚያ በርሜሉ ጋ ሄዶ ክዳኑን ከፍቶ ራሱን አስገባ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። በዚያ ሳምንት ውሃ ከመጣ አራት ቀን ሆኖታል፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው የሰፈሩ ሁሉ ተስፋ ነበር፤ ጎረቤት ሳይቀር ከእኛ ይቀዳል። አብዶሽ የልብስ ገመዱ የታሰረበትን ችንካር፣ የባለቤቴ አባት ከባቡር ሐዲድ ሥራቸው ያመጡትን ያንን ወፍራም ብረት፣ ከመሬት ነቅሎ አወጣ። ገመዱ ወደቀ፣ ያጠብኳቸው ጨርቆች አፈር ላይ ተዘረጉ። ድንጋይ አነሳ፣ ችንካሩን ከበርሜሉ ግርጌ ላይ አስደግፎ መታ። በአራተኛው ምት ውሃው ፈንድቶ ወጣ።

አማቴ ራሷን ይዛ ጮኸች። ጎረቤት መጣ። እኔ ልጄን ታቅፌ በረንዳው ላይ ቆሜ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንት ሆኖኝ፣ ያ ሁሉ ውሃ በግቢው ሲሄድ አየሁና «እርስዎ አብደዋል!» አልኩት። እርስዎ አልኩት። ድንጋዩን ከእጁ ጣለው። በኋላ፣ ከዓመታት በኋላ፣ አማቴ የሰደበችውን አንዱንም እንደማያስታውስ፣ የኔ «እርስዎ» ግን አሁንም ጆሮው ላይ እንዳለ ነግሮኛል።

ያን ዕለት ግን አልተከራከረኝም። «እኔ ነኝ ያመጣሁልሽ» ብቻ አለኝ። «በሠርግሽ ማግስት፣ እየዘፈንኩ።»

ችንካሩን እንደያዘ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ፋጡማ በባጃጅ አራት ጀሪካን ውሃ ይዛ መጣች። ደግሞ አንድ ጥቅል ጨርቅ፤ የገዛ ድሪያዎቿን፣ እነዚያን ሰፋፊ የጥጥ ቀሚሶች፣ ለሽንት ጨርቅ ቀድዳ ነበር። የድሮዎቹን ሁሉ ሰብስባ ወሰደች። እኔ በበኩሌ እያለቀስኩ ፋብሪካ ሄድኩና የላቦራቶሪውን መሳቢያ ገልብጬ ከበርሜሎቹ ጋር የመጣውን ወረቀት አገኘሁ። ለዓመታት እዚያ ነበር፤ ያነበብኩት መጠኑ የተጻፈበትን ገጽ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ሁሉም አለ። በቆዳ ይገባል። ላብ ያስወጣል፣ ያተኩሳል፣ ልብና ትንፋሽ ያፈጥናል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሙቀት ባለበት አገር ይብሳል። ይህንን ዓረፍተ ነገር ድሬዳዋ ላይ፣ በሚያዝያ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ለካ ብረቱ ስፌት ውስጥ የገባውን አሸዋም ሳሙናም አያወጣውም። ውሃው ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያወጣዋል፣ ጨርቁ ይጠጣዋል፣ የልጅ ቆዳ ከጨርቁ ይቀበለዋል። እኔ የነገሩን ስም አውቅ ነበር፤ ጠባዩን የሚያውቀው ግን ያ ወረቀቱን ማንበብ የማይችለው ሰው ነው።

ወረቀቱን ለሐኪሙ ወሰድኩለት። ሁለቴ አነበበው። ከበርሜሉ አርቃችሁ ጠብቁ፣ እናያለን አለኝ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የሜሮንን አንገት በእጄ ጀርባ ነካሁት። ደረቅ ነበር። ቀዝቃዛና ደረቅ። ያን ያህል ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፣ አላይምም።

በሳምንቱ አብዶሽ ጋሪ ላይ አዲስ በርሜል ጭኖ መጣ፤ የምግብ ዘይት የነበረበት፣ ከገበያ የገዛው። አልዘፈነም። አወረደና አማቴን በሁለት እጁ ሰላም ብሎ፣ የመጀመሪያው ስህተቱ በርሜሉን መስጠቱ፣ ሁለተኛው ምትክ ሳያመጣ መብሳቱ መሆኑን ነገራት። ከዚያ በኋላ ይህ ሕጉ ሆነ፤ «ሳትሰጥ አትብሳ» ይላል። አማቴ ይቅር አለችው። ችንካሩን ሊመልስ አውጥቶ ነበር፣ እኔ አስቀረሁለት። ልብስ ማስጫ በእንጨትም ይታሰራል።

ለሠርግ የሰጣቸው የሰናፍጭ በርሜሎች ዘጠኝ ነበሩ። አንዱንም አልጻፈም፣ ሁሉንም ግን ያስታውሳል፤ እያንዳንዱ አንድ ሠርግ ነዋ! መጋዘኑ በር ላይ በጠመኔ ዘጠኝ መስመር አሰመረ፣ የኔን አጠፋ፣ ቀሪዎቹን ፍለጋ ወጣ። በድሬ ሰው ከሰዓት በኋላ ጫቱን ትቶ በጸሐይ ሲዞር ካያችሁ ወይ ሚስቱ ምጥ ላይ ናት ወይ ቤቱ እየተቃጠለ ነው። አብዶሽ ለበርሜል ሲል የጫት በርጫውን ተወ። ገንደ ቆሬ ሰፈር ሁለት አገኘ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ አምስት። በየቤቱ መጀመሪያ አዲሱን ያወርዳል፣ ቀጥሎ የልጆቹን አንገት ይነካል፣ ከዚያ ችንካሩን ያወጣል። አንዷ ቤት ሁለት ልጆች «በወባ» የሚመላለሱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አልተመላለሱም። ስሙ የተቀየረው ያኔ ነው። አብዶሽ ሙሽራ ቀረና አብዶሽ ችንካር ሆነ።

መጋዘኑ ውስጥም ባዶ የሆነ የሰናፍጭ በርሜል ሁሉ በዚያው ቀን ይበሳል። ሠራተኛው አጉረመረመ፣ በርሜል የለመደ ሙሽራ ሁሉ ጠላው። አስተዳደሩም ባዶ በርሜሎቹን በጨረታ ሊሸጥ አስቦ ኖሮ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈበት፣ ስብሰባ ላይም ጠራው። እኔ ወረቀቱን ይዤ ልመሰክር ገብቼ ነበር፣ አፌን ሳልከፍት አብዶሽ ከአንድ ታጥቦ ከተቀባ በርሜል የቀዳውን ውሃ በብርጭቆ ሥራ አስኪያጁ ፊት አስቀመጠ።

«ይችን ጠጣልኝ» አለው፣ «ከዚያ በርሜሉን ሽጠው።»

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አየ፣ እኛን አየ። አልጠጣም። የሰናፍጭ በርሜሎች ከጨረታው ወጡ። ደብዳቤው ግን አልተነሳለትም፣ የዚያን ዓመት እድገቱም በዚያው ቀረ። ስታርች ክፍልም በወረቀቴ ብዙ ደጅ ከጠናሁ በኋላ ጓንትና የአየር ማራገቢያ ገባለት፤ ቆይቶም ሰናፍጩ ራሱ በሌላ ተተካ። ከዚያ በፊት ለመርዝ ማርከሻ ተብሎ ይሰጥ የነበረው ግማሽ ሊትር ወተት ነው። አብዶሽ «ወተትማ ለጥጃ ነው፣ ለሰው ጓንት ስጡት» ይል ነበር።

ከዘጠኙ ስምንቱን አገኘ። ዘጠነኛዋ አልገኝ አለች። የፈትል ክፍሏ ዘሀራ አንድ ወታደር አግብታ የወሰደቻት ናት። ወታደሩ ሁርሶ ጦር ሰፈር ነበር፣ ከዚያ ተዛወረ። አብዶሽ ሁርሶ ድረስ ሄዶ በር ላይ ላለው ዘብ በርሜል ፍለጋ እንደመጣ ነገረው። ዘቡ እንዲህ ያለ ምክንያት ሰምቶ አያውቅም ነበርና ግማሽ ቀን ጸሐይ ላይ አስቀምጦ ጠየቀው። መጨረሻ ላይ ሻይ ጋብዞ ሸኘው። ስለ ዘሀራ ግን የሚያውቅ አልተገኘም።

ጡረታ ሲወጣ የመጨረሻዋን መስመር ከመጋዘኑ በር ወደ ቤቱ በር አዛወራት። በጠመኔ፣ አንዲት መስመር። ስትደበዝዝ ያድሳታል። በየሳምንቱ ቀፊራ ወርዶ አሮጌ በርሜል ከሚሸጡት መካከል እየዞረ ክዳን ይከፍታል፣ ያሸታል። ነጋዴዎቹ ለምደውት «ዛሬም አልመጣችም» ይሉት ነበር። እኔም አንድ ቀን አዘንኩለትና ይህን ሁሉ ዘመን ከቆየች በውስጧ የቀረ ነገር እንደማይኖር፣ ውሃው አጥቦት እንደሚያልቅ እንደ ባለሙያ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«በማን ልጅ ላይ ነው ታጥቦ ያለቀው?» አለኝ።



ሜሮንን «ላቦ» ነበር የሚላት። ትልቅ ሰው ሆና፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታም ላቦ ናት። በተገናኙ ቁጥር አንገቷን በእጁ ጀርባ ነክቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ደረቅ ነው» ይላል። በጉርምስናዋ ጓደኞቿ ፊት ሲያደርግባት ታፍር ነበር። ያረፈ ዕለት ስነግራት መጀመሪያ ያደረገችው አንገቷን መያዝ ነው።

ለተዕዚያው፣ ለለቅሶው፣ ሁለታችንም ሄድን። በሩ ላይ ያች መስመር አለች። እንግዳ ስለሚመጣ በሩ ይታጠብ ያሉ ነበሩ፣ ፋጡማ ግን እምቢ ብላለች። ስላልተገኘች አትጠፋም ብላ። ከእሷ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ከሐርላ የመጣ አንድ ገበሬ ከወንዶቹ ድንኳን ተነስቶ ደጁ ላይ ቆመ፣ ፋጡማን ማነጋገር ፈለገ። በኦሮምኛ ነው የሚናገረው። የዘሀራ ወንድም ነበር። እህቱ ባሏን ተከትላ ስትሄድ በርሜሏን ለእናታቸው ትታላቸው ኖሯል። አንድ በርሜል የሚበሳ ሽማግሌ በየቦታው እንደሚዞር ሰምተዋል፣ ለምን እንደሚበሳ ግን የነገራቸው የለም። ስለዚህ ቀፊራ ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ ነበር። ለምን እንደሆነ የሰማው ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ነው። ይህን ሲል መሬት መሬት ያያል።

ልጆች ታመውባቸው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩት። ታመውባቸው እንደማያውቁ፣ እናቱ ገና በመጀመሪያው ቀን ሽታውን ጠልታ ውሃ እንዳልያዘችበት፣ ሁልጊዜ ማሽላ ብቻ እንዳስቀመጠችበት፣ ማሽላው ነቀዝ ስለማይነካው እንደ በረከት ይቆጥሩት እንደነበር ነገረኝ። አሁን ግን ሽታው ስለለቀቀና የልጅ ልጆች ስላሉ ውሃ ልትሞላበት አስባለች። ፋጡማ ገባ ብላ ችንካሩን በጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። «ያንቺ ነው ይል ነበር» አለችኝ።

በማግስቱ ሜሮንና እኔ ሁለት አዲስ በርሜል በጭነት ባጃጅ ጭነን ሐርላ ወጣን፤ አንዱ ለእህል፣ አንዱ ለውሃ። አረንጓዴው ቀለም ብዙው ተላልጧል፣ ክዳኑ አካባቢ ግን አሁንም አለ። እናትየው አዲሶቹን እስክናወርድ ፊታቸውን አጥቁረው ቆመው ነበር። በበርሜሏ ውስጥ የቀረችውን ማሽላ ለሰውም ለዶሮም እንዳይሰጡ ለምኛቸው ጉድጓድ አስቆፍረን ቀበርናት፤ በምትኩ አንድ ጆንያ ማሽላ ይዘን ሄደናል። የአብዶሽ ሕግ ነው። ከዚያ ሜሮን የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርታ አንገታቸውን በእጇ ጀርባ ነካች። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኳትም። ችንካሩን ተቀበለችኝ፣ ድንጋይ አነሳች። እሱ በአራት ምት የበሳውን እሷ በዘጠኝም በአሥርም አልበሳችውም፤ ወፍራም ብረት ነው አልኳችሁ። እጇ ደማ። ልቀበላት ስል ገፋችኝ፣ እያለቀሰች መታችው፣ ገባ።

ስንመለስ በቀጥታ አብዶሽ ቤት ሄድን። ፋጡማ ደጅ ላይ ቁማ ነበር። የሜሮንን እጅ አየች፣ ችንካሩን አየች። ወደ በሩ ዞራ ያችን የጠመኔ መስመር በመዳፏ አጠፋቻት፣ መዳፏን በድሪያዋ ጠረገች። ከዚያ ምሳ በልታችኋል ወይ አለችን።